ለዓሣው የተሰጠ ዕድል

የሰው ልጅ ለምግቡ ዓሣ ማጥመድ ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ ድካሙን ለመቀነስ ያላደረገው ጥረት የለም። ከአጥንት መንጠቆ ወደ ብረት መንጠቆ፣ ከእጅ ገመድ ወደ መረብ፣ ከመቅዘፊያ ወደ ሞተር የተደረገው ጉዞ ሁሉ በአንድ ዓላማ የተመራ ነበር፤ ይኸውም በአነስተኛ ጉልበት ብዙ ዓሣ ማግኘት ነው። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በተለይም የሲያትል ከተማ በምትገኝበት በፒዩጄት ሳውንድ፣ ዛሬ ከዚህ ረጅም ጉዞ በተቃራኒ የሚቀዝፍ ሰው ይታያል። ሞተር ያለው ጀልባ መከራየት ሲችል፣ እንዲያውም ዓሣውን ከገበያ ገዝቶ መብላት ሲችል፣ ካያክ በምትባል ከወገቡ ብዙም በማትሰፋ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ሳልሞን ሊያጠምድ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ባሕሩ ይወጣል። ለምን እንዲህ እንደሚደክም ሲጠየቅ ከሚሰጣቸው መልሶች አንዱ፣ ለዓሣውም ዕድል ልስጠው ብዬ ነው የሚል ነው።

ይህ መልስ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አንድ ኃይለኛ በራሱ ፈቃድ ኃይሉን ቀንሶ ደካማውን ሲገጥም ድርጊቱ ፍትሐዊ ይሆናልን? ጥያቄው የዓሣ ጥያቄ ብቻ አለመሆኑን አንባቢ ወዲያው ይረዳዋል።

የአጠማመዱ ዘዴ እንደሚከተለው ነው። ቀዛፊው ማጥመጃውን ከጀልባው ኋላ እየጎተተ በዝግታ ይጓዛል፤ ፍጥነቱ ከእግረኛ እርምጃ እምብዛም አይበልጥም። ክሩን ወደ ጥልቁ የሚያወርድ እርሳስ ይታሰርበታል። ከእርሳሱ ቀጥሎ በውሃ ውስጥ እየተገላበጠ የሚያብለጨልጭ ዝርግ ሰሌዳ ይመጣል፤ ከሁሉም ኋላ ሄሪንግ የተባለው ትንሽ ዓሣ ወይም እሱን እንዲመስል የተሠራ ብረት የተሰካበት መንጠቆ ይከተላል። ሳልሞኑ ሲነክስ ዘንጉ ይጎብጣል፤ ዓሣው ትልቅ ከሆነ ቀላሏን ጀልባ አዙሮ ወደ ፈለገበት አቅጣጫ ይጎትታታል። በትልቅ ጀልባ ላይ የቆመ ሰው ዓሣውን ከላይ ወደ ታች ነው የሚያየው። በካያክ ያለው ግን ከውሃው እኩል ስለተቀመጠ ከዓሣው ጋር ዓይን ለዓይን ይገጣጠማል። ማዕበል ቢነሣ የሚገለበጠው እሱ ነው፤ ውሃው በክረምትም በበጋም ቀዝቃዛ በመሆኑ ተገቢውን ልብስ ያልለበሰ ሰው ብዙ ሳይቆይ እጁን ማዘዝ ይሳነዋል።

እንግዲህ የካያኩ አጥማጅ ሙግት በዚህ ላይ የቆመ ነው። እኔም ለአደጋ ተጋልጫለሁ፤ ዓሣው ሊያመልጠኝ ይችላል፤ ስለዚህ ግጥሚያችን ተመጣጣኝ ነው ይላል። ነገር ግን ግጥሚያ ግጥሚያ የሚሆነው ሁለቱም ወገኖች ተስማምተው ሲገቡበት ነው። ሁለት ታጋዮች ሜዳ ላይ ሲገናኙ ሕጉን ሁለቱም ያውቁታል፤ ደክሞኛል ብሎ መተውም ይቻላቸዋል። ሳልሞኑ ግን ጨዋታ ውስጥ መግባቱን አያውቅም፤ የራበው መስሎት፣ ምግብ መስሎት ነክሷል። የሚያጡትም ነገር እኩል አይደለም። ሰውየው ቢሸነፍ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ተመልሶ ሌላ እራት ይበላል፤ ዓሣው ቢሸነፍ ይሞታል። ዕድል ሰጪው ሰው ዕድሉን መጥኖ የሠፈረውም ራሱ ነው። በፈረስ ሊያሳድደው ሲችል በእግሩ ሮጦ ጭሰኛውን የገረፈ ባላባት፣ መሮጡ ስላደከመው ብቻ ርትዕ ፈጸመ አይባልም።

ይህ ማለት ግን ድካሙ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያሻል። በራስ ላይ ችግርን መጫን ራስን መግዛት ነው፤ ራስን መግዛት ደግሞ ሰው ለራሱ የሚያበጀው ጠባይ እንጂ ለሌላው የሚከፍለው ዕዳ አይደለም። የካያኩ አጥማጅ ታጋሽ፣ ጠንቃቃ፣ ባሕሩን አዋቂ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሁሉ ግን ለዓሣው አንዳች አልደረሰውም።

ስለ ጀልባዋም አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ካያክን የፈጠሩት በአርክቲክ ጠረፍ የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው፤ ባሕር የተፋውን እንጨት አጥንት፣ የባሕር እንስሳ ቆዳ ደግሞ ልብስ አድርገው፣ ሴቶች ስፌቱን ውሃ እንዳያስገባ አጥብቀው እየሰፉ የሠሯት የሥራ መሣሪያ ነበረች። ያለ እርሷ ክረምቱ አይታለፍም ነበር። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የሩስያ ጸጉር ነጋዴዎች ወደ አሊዩት ደሴቶች በደረሱ ጊዜ ቤተሰቦችን መያዣ እያደረጉ ወንዶቹን በዚያችው ጀልባ ለእነርሱ እንዲያድኑ አስገደዷቸው። ይህን ሁሉ ያየችው ጀልባ ዛሬ ከፕላስቲክ ተሠርታ የዕረፍት ቀን መዝናኛ ሆናለች። መሣሪያ ከችግር ወደ ጨዋታ መሸጋገሩ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ችግር ይሰጠው የነበረውን ምክንያት ይዞ አይሸጋገርም።

ከዚህ ሌላ፣ ዓሣውን ይዞ መልሶ መልቀቅ ጥያቄውን ይፈታዋል የሚሉ አሉ። ይህ መልስ ከመጀመሪያውም የባሰ አጠራጣሪ ነው። ዓሣ ሕመም ይሰማዋል ወይስ አይሰማውም የሚለው ክርክር ገና አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካዊው ጄምስ ሮዝ፣ ዓሣ ሕመምን ለመገንዘብ የሚያስችል የአንጎል ክፍል የለውም ሲል ጽፎ ነበር። በ2003 በብሪታንያ ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ የሳልሞን ዘመድ በሆነው በትራውት ላይ ባደረጉት ጥናት ጉዳትን የሚለዩ ነርቮች በራሱ ላይ እንዳሉ አሳዩ፤ ከንፈሩን የሚያቃጥል ፈሳሽ የተወጋው ዓሣ መብላት ማቆሙንና ከንፈሩን በጠጠር ላይ ማሻሸቱን መዘገቡ። /ትራውት ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም፤ ለዘንግ አጥማጆች ተብሎ ከውጭ መጥቶ በባሌ ደጋ ወንዞች ተለቋል።/ ስዊትዘርላንድ በ2008 ባወጣችው ደንብ መልሶ ለመልቀቅ አስቦ ማጥመድን ከልክላለች። የክልከላው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ለመብላት የሚገድል ሰው ቢያንስ የሚያቀርበው ምክንያት አለው፤ ሊለቅ የሚይዝ ሰው ግን የዓሣውን ትንቅንቅ ብቻ ነው የፈለገው። ያ ትንቅንቅ ደግሞ ለዓሣው ጨዋታ አይደለም።

ሆኖም በፒዩጄት ሳውንድ መልቀቅ የፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሕግም ያዛል። በዚያ አካባቢ ቺኑክ የተባለው ትልቁ ሳልሞን ከ1999 ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡ ፍጥረታት መዝገብ ገብቷል። በማራቢያ ጣቢያ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ወደ ወንዝ ከመለቀቃቸው በፊት ከጅራታቸው አጠገብ በጀርባቸው ላይ ያለችው ትንሽ የሥጋ ክንፍ ትቆረጣለች። አጥማጁ ዓሣውን ወደ ጀልባው ጥግ ሲያደርስ የሚፈልገው ያችን ክንፍ ነው። ክንፏ ከሌለች በተፈቀደው ወቅትና መጠን ዓሣውን መውሰድ ይችላል፤ ካለች ግን ዓሣው በወንዝ የተወለደ ነውና ከውሃ ሳያወጣ መንጠቆውን ነቅሎ ሊለቀው ይገባል። መንጠቆው ጥርስ የሌለው እንዲሆን የተደነገገውም ለዚሁ ነው። በእጁ የያዘው ፍጥረት በሰው እጅ ስለተፈለፈለ ይሞታል፤ ያኛው ሰው ስላላሳደገው ይኖራል። ሁለቱም እኩል ይታገላሉ፤ ሁለቱም እኩል ያምራሉ። ሕጉ የሚጠብቀው አንዱን ዓሣ ሳይሆን ዘሩን ነው፤ ይህም ትክክል ነው፤ ሆኖም የተለቀቀው ሁሉ አይተርፍም፤ ስንጥቡ የደማ ወይም አቅሙ ያለቀ ዓሣ ከዓይን ከተሰወረ በኋላ ሊሞት ይችላል።

የዚያች ምድር ነባር ሕዝቦች ለሳልሞን ዕድል ስለ መስጠት ተጨንቀው አያውቁም። በመረብና በወንዝ አጥር በብዛት ያጠምዱት ነበር። ነገር ግን የዓመቱ የመጀመሪያ ሳልሞን ሲያዝ በሥርዓት ተቀብለው ተካፍለው ይበሉታል፤ አጥንቱንም ወደ ውሃው ይመልሱታል። በ1854 በሜዲሲን ክሪክ በተፈረመው ውል መሬታቸውን ሲለቁ በጥንት ቦታቸው የማጥመድ መብታቸውን አስጠብቀው ነበር። ውሉ ግን አልተከበረም። የኒስኳሊው ተወላጅ ቢሊ ፍራንክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታሰር በ1945 ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ በዚሁ ጉዳይ ከ50 ጊዜ በላይ ታስሯል። በየካቲት 1974 ዳኛ ጆርጅ ቦልት ሊያዝ ከሚችለው ዓሣ ግማሹ ውል ለፈረሙት ሕዝቦች እንደሚገባ ፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1979 ፍርዱን በመሠረቱ አጸናው። ያን ጊዜ አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል ለመዝናናት የሚያጠምዱ ሰዎች ይገኙበታል። የእነርሱ ክስ መረብ ዓሣውን ይጨርሰዋል የሚል ነበር፤ ወንዞችን የዘጉት ግድቦችና ደኑን የመነጠረው ኩባንያ ግን መረብ አልነበራቸውም። በ1913 ሥራ የጀመረው የኤልዋ ወንዝ ግድብ ሳልሞን ወደ ላይኛው የወንዙ ክፍል እንዳይወጣ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ዘግቶ፣ የፈረሰው ከ2011 በኋላ ነው።

እውነተኛ ዕድል ካለ ያለው እዚህ ይመስላል፤ በዘንጉ ቅጥነት ሳይሆን በወንዙ መከፈት። ሳልሞን ከባሕር ወጥቶ በሽታ እየለየ የተወለደበትን ወንዝ ያገኛል፤ የፓስፊኩ ሳልሞን እንቁላሉን ጥሎ እዚያው ይሞታል። ይህን መንገድ የሚጠብቅ ሰው ለአንድ ዓሣ ሳይሆን ገና ላልተፈለፈሉት ዕድል ሰጥቷል። በጠባቧ ጀልባ የሚወጣው ሰው ይህን ለማወቅ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው፤ ቺኑክን እያደኑ የሚኖሩት፣ ቁጥራቸው ከ80 በታች የሆነው የዚያ ባሕር ኦርካዎች አንዳንድ ጊዜ በአጠገቡ ያልፋሉ።

አንድ ማለዳ ክንፏ የተቆረጠች ሳልሞን ትያዝለታለች። በአንድ ምት ይገድላታል፤ ደሟን አፍስሶ በበረዶ ላይ ያኖራታል። ለቤተሰቡ እራት ትበቃለች። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው፤ ባሕሩ ጸጥ ብሏል፤ ሕጉ አንድ ተጨማሪ ዓሣ ይፈቅድለታል። ሄሪንጉ በሣጥኑ ውስጥ አለ። ሰውየው መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ባዶውን መንጠቆ ይዞ ይቆያል።