ጠያቂና ተጠያቂ

በአማርኛ ቋንቋችን «ጠየቀ» የሚለው ግሥ ብዙ ሥራ የሚሠራ ግሥ ነው። ተማሪ ያልገባውን ነገር መምህሩን ይጠይቃል። ጎረቤት የታመመውን፣ ዘመድም የታሰረውን ወገኑን ሄዶ ይጠይቃል። ገንዘብ ያበደረ ሰው ቀኑ ሲደርስ ገንዘቡን ይጠይቃል። ዳኛም በፊቱ የቆመውን ባለጉዳይ ይጠይቃል። ከዚሁ ግሥ የወጣው «ተጠያቂ» የሚለው ቃል ደግሞ ጥያቄ የቀረበለትን ሰው ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ ሥራ ላይ ኃላፊነት ያለበትንም ሰው ያመለክታል። እንግዲህ በቋንቋችን አስተያየት ኃላፊ ማለት የሚጠየቅ ማለት ነው። የማይጠየቅ ሰው ሥልጣን ሊኖረው ይችላል፤ ኃላፊነት አለበት ለማለት ግን ያስቸግራል።

ይህን ያነሣሁት ስለ ሰዋስው ለመጻፍ አስቤ አይደለም። የሕዝብ እንደራሴዎች በምክር ቤት ተሰብስበው የመንግሥትን ሚኒስትሮች ስለ ሥራቸው በሚጠይቁበት ጊዜ፣ በሁለቱ መካከል የሚደረገው ነገር ምንድን ነው? ጠያቂው ምን ግዴታ አለበት? ተጠያቂውስ? የሚለውን ለመመርመር ነው እንጂ። ጉዳዩ የሕግ ዐዋቂዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ሥሩ ግን ከሕግም በፊት የነበረ የግብረ ገብ ጉዳይ ነው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል የቆየ ምሳሌ አለን። ይህ ምሳሌ ከላይ ያለውን ከታች ያለው ሊደርስበት አይችልም ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ይሁን እንጂ ይኸው ምሳሌውን የሚናገረው ሕዝብ በችሎት ፊት «በላ ልበልሃ» እየተባባለ፣ ነገርን በነገር እየመለሰ የሚሟገትበትን ሥርዓት ለብዙ ዘመን ያቆየ ሕዝብ ነው። በዚያ ሙግት ከሚሰሙት ቃላት አንዱ «ተጠየቅ፣ ልጠየቅ» የሚለው ነው። ይህን አነጋገር ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ትልቅ ትምህርት ይገኝበታል። «አንተ ተጠየቅ» ያለ ሰው «እኔም ልጠየቅ» ብሎ ራሱን አስሯል። ስለዚህ የመጠየቅ ጥበብ ለእኛ ከውጭ የመጣ ዕቃ አይደለም። ጥበቡ ነበረ፤ ግን ከአንድ ከፍታ በላይ እንዳይወጣ ተከልክሎ ነበር። በየአገሩ የምክር ቤት ጥያቄ ታሪክም በአጭሩ ይህ ከፍታ ቀስ በቀስ እየጨመረ የሄደበት ታሪክ ነው።

ለምሳሌ ወደ እንግሊዝ አገር እንመልከት። ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1720 ዓ.ም. የደቡብ ባሕር ኩባንያ የተባለው የንግድ ማኅበር የአክሲዮን ዋጋ በድንገት ወደቀና ብዙ ሰዎች ሀብታቸውን አጡ። የኩባንያው ዋና ገንዘብ ያዥ ሮበርት ናይት ከአገር ሸሸ። በ1721 ዓ.ም. በጌቶች ምክር ቤት ሎርድ ካውፐር ተነሥተው፣ ይህ ሰው ብራስልስ ላይ ተይዟል እየተባለ የሚወራው እውነት ነውን ብለው የመንግሥቱን ሹም ሎርድ ሰንደርላንድን ጠየቁ። በዚያ አገር ምክር ቤት መዝገብ ከተጻፉት እንዲህ ካሉት ጥያቄዎች የመጀመሪያው ይህ ነው ይባላል። ጥያቄው አጭር ነው፤ ስድብም ምስጋናም የለበትም። የሚያውቀው ሰው ማወቅ ለሚገባው ሰው እንዲናገር የቀረበ ነው። ሀብቱን ያጣ ሕዝብ በገበያ የሚሰማውን ወሬ ከማላመጥ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ እንደራሴው ግን ተነሥቶ ወሬውን ወደ ጥያቄ ለወጠው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሥርዓት እየያዘ ሄደ። ጥያቄ አስቀድሞ ይመዘገባል፤ ሚኒስትሩም ተዘጋጅቶ ይቀርባል፤ አንዳንዱ ጥያቄ በቃል፣ አንዳንዱ በጽሑፍ ይመለሳል። በቃል ለተመለሰው ጥያቄ ተከታይ ጥያቄ ይፈቀዳል። ሚኒስትሩ የመጀመሪያውን መልስ ከወረቀት ሊያነበው ይችላልና፣ ጉዳዩን በእውነት ማወቁ የሚታየው በዚህ በተከታዩ ጥያቄ ነው። ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥያቄ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ ተመደበ፤ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በየሳምንቱ ረቡዕ 30 ደቂቃ እንዲሆን ተደረገ። ይህ የረቡዕ ጥያቄ ጩኸትና ሳቅ የሚበዛበት ስለ ሆነ የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ይነቅፉታል። ትችቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የመንግሥት መሪ በየሳምንቱ በተቃዋሚዎቹ ፊት ቆሞ መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት መሆኑ በራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጠያቂው ግዴታ እንምጣ። የእንደራሴ ጥያቄ ክስ አይደለም፤ ክስ ጥፋት አለ ብሎ ይነሣል፤ ጥያቄ ግን እውነቱን ለማወቅ ይነሣል። ልመናም አይደለም። «ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ተረት የሚናገረው ስለ ደጅ ጥናት ጥያቄ ነው፤ እንደራሴ ሚኒስትሩን እንደ ደጅ ጠኚ የሚጠይቅ ከሆነ ጠያቂነቱ ቀርቶ ለማኝ ሆኗል። ከሁሉ ይልቅ የሚመስለው የአበዳሪን ጥያቄ ነው። ሥልጣን ከሕዝብ የተወሰደ ብድር ነውና፣ ባለገንዘቡ ገንዘቤ የት ደረሰ ቢል ተበዳሪው የሚቆጣበት ምክንያት የለም። አበዳሪውም ቢሆን ገንዘቤን አለ ተብሎ የመሳደብ መብት አያገኝም።

ከዚህ የሚከተለው ጠያቂ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች መኖራቸው ነው። ነገሩን ሳያጠና የሚጠይቅ ሰው ለሚኒስትሩ ማምለጫ ያበጅለታል። ራሱን ለማሳየት የሚጠይቅ ሰው መልሱን አይሰማም። ከሁሉ የከፋው ግን ሚኒስትሩን ለማስመስገን የሚጠይቅ ነው። እንዲህ ያለው ሰው «ክቡርነትዎ በዚህ ረገድ የተገኘውን ከፍ ያለ ውጤት ቢገልጹልን» ይላል። በአነጋገሩ ጥያቄ ነው፤ በፍሬ ነገሩ ግን ጭብጨባ ነው። ተሳዳቢው ጠያቂ ጥያቄን ያዋርዳል፤ አወዳሹ ጠያቂ ግን የሕዝቡን ሰዓት ሰርቆ ለሹሙ ይሰጣል።

አንድ ሰው «የራሱ ማኅበር መንግሥት በሆነበት ጊዜ እንደራሴ እንዴት አድርጎ የማያወላዳ ጥያቄ ሊጠይቅ ይችላል?» ይል ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር በሕንድ አገር ተደርጓል። በሕንድ የታችኛው ምክር ቤት የስብሰባው የመጀመሪያ ሰዓት እንደ ልማድ ለጥያቄ የተመደበ ነው። በ1957 ዓ.ም. መንግሥት ያቋቋመው የሕይወት ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽን፣ ሃሪዳስ ሙንድራ በተባለ ነጋዴ እጅ የነበሩትን የስድስት ኩባንያዎች አክሲዮኖች ከ12 ሚሊዮን ሩፒ በላይ አውጥቶ ገዛ። ገንዘቡ ለክፉ ቀን ብለው ጥቂት በጥቂት ያጠራቀሙ የብዙ ሰዎች ገንዘብ ነበር። ነገሩን በምክር ቤት አንሥተው አጥብቀው የሞገቱት ፌሮዝ ጋንዲ ናቸው። እኒህ ሰው የተቃዋሚ ወገን አልነበሩም፤ የገዥው የኮንግሬስ ፓርቲ አባል፣ ያውም የጠቅላይ ሚኒስትሩ የነህሩ አማች ነበሩ። መንግሥትም የቦምቤይን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ቻግላን መርማሪ አድርጎ ሰየመ። ምርመራው በሕዝብ ፊት ተካሄደ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ክሪሽናማቻሪ ግዢው የተፈጸመው በበታች ሹሞች ነው ብለው ቢከራከሩም፣ መርማሪው ሚኒስትር በሥሩ ያለው ጸሐፊ ስለ ሠራው ሥራ ኃላፊ ነው ብሎ ደመደመ። ሚኒስትሩም በ1958 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀቁ። በዚህ ነገር ዝምድናም ወገንተኝነትም ጥያቄን አላገዱትም። ፓርቲው ስለ ተጠየቀ አልፈረሰም፤ የገንዘብ አስቀማጮቹ ግን የገንዘባቸውን መድረሻ ዐወቁ።

የተጠያቂው ግዴታ ከዚህ የበለጠ ጥልቅ ነው። እውነት መናገር ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን እውነት የሚመስል ሐሰት አለ፤ ከግልጽ ውሸትም ይልቅ የሚያስቸግረው እሱ ነው።

እንደገና ወደ እንግሊዝ እንመለስ። ኢራንና ኢራቅ በሚዋጉበት ጊዜ፣ በ1985 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ለሁለቱም ወገን ጦርነቱን የሚያባብስ መሣሪያ እንዳይሸጥ የሚያደርግ መመሪያ ለምክር ቤቱ አስታወቀ። በ1988 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲቆም ሦስት ምክትል ሚኒስትሮች መመሪያው ለኢራቅ እንዲላላ እርስ በርሳቸው ተስማሙ፤ ለምክር ቤቱ ግን አልተነገረም። ከዚያ በኋላ እንደራሴዎች በጠየቁ ጊዜ የተሰጣቸው መልስ መመሪያው እንዳልተለወጠ የሚያስረዳ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ማትሪክስ ቸርችል የተባለው ፋብሪካ ሹሞች ለኢራቅ ማሽን በመሸጥ ተከሰው በቆሙበት ችሎት እውነቱ ወጣና ክሱ ፈረሰ። ዳኛው ሰር ሪቻርድ ስኮት ጉዳዩን እንዲመረምሩ ታዘዙ፤ በ1996 ዓ.ም.ም አምስት ቅጽ የሞላ መግለጫ አቀረቡ። ሚኒስትሮቹ የተከራከሩት መመሪያውን በሰፊው ተረጎምነው እንጂ አልለወጥነውም እያሉ ነው። እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ቢመዘን ምናልባት ሊያመልጥ ይችል ይሆናል። ነገር ግን ጠያቂው ከመልሱ በኋላ ያመነው ነገር እውነት አልነበረም። መግለጫው በምክር ቤት ክርክር ሲደረግበት መንግሥት ያመለጠው በአንድ ድምፅ ብልጫ ሲሆን፣ በዚህ ምክንያት ሥራውን የለቀቀ ሚኒስትር አልነበረም።

እንግዲህ መልስ የሚመዘነው በተናጋሪው አፍ ላይ ነውን ወይስ በሰሚው አእምሮ ውስጥ? በእኔ አስተያየት በሰሚው አእምሮ ውስጥ ነው። ተጠያቂ ሰው «ያልኩት ቃል ሐሰት አይደለም» በማለት ነጻ አይወጣም። ሰሚው ከቃሉ ምን እንደሚረዳ እያወቀ፣ ያ የተረዳው ነገር እውነት አለመሆኑንም እያወቀ ዝም ካለ፣ በቃሉ ባይዋሽም በዝምታው ዋሽቷል። እህል የሚሸጥ ሰው ከላይ ጥሩውን፣ ከሥር ነቀዝ የበላውን አድርጎ ቢሰፍር፣ ከላይ ያለው እህል ጥሩ መሆኑ ከጥፋት አያድነውም።

ምናልባት «መንግሥት ምሥጢር የለውምን? ሚኒስትር ሁሉን ሊናገር ይገባዋልን?» ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። የመንግሥት ምሥጢር መኖሩን የሚክድ የለም። የአገር መከላከያ፣ ገና ያላለቀ ውል፣ የግለሰብ ሕይወት በአደባባይ ሊነገር አይገባም። ነገር ግን መደበቅና ማታለል አንድ አይደሉም። «ይህን ለመመለስ አልችልም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» የሚል ሚኒስትር በሩን ዘግቷል፤ ጠያቂው ግን በሩ መዘጋቱን ያያል፤ መዝጋቱ ተገቢ መሆን አለመሆኑንም ሊከራከርበት ይችላል። ግማሹን ተናግሮ ሙሉ የሚያስመስል ግን ጠያቂው በሩ መኖሩን እንኳ እንዳያውቅ አድርጎታል። የእንግሊዝ ሁለቱ ምክር ቤቶች በ1997 ዓ.ም. ያሳለፉት ውሳኔም ይህን ልዩነት የሚያስረዳ ነው። በዚህ ውሳኔ ሚኒስትር ትክክለኛ ነገር ለምክር ቤት መንገር አለበት፤ ሳያውቅ ከተሳሳተ ሳይውል ሳያድር ማረም አለበት፤ እያወቀ ካሳሳተ ሥራውን ለመልቀቅ ጥያቄ እንዲያቀርብ ይጠበቅበታል፤ አልናገርም የሚለውም የሕዝብ ጥቅም የሚያስገድደው ሲሆን ብቻ ነው።

በአገራችን የጽሑፍ ሕግም የጥያቄ ነገር የተዘነጋ አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ ሚኒስትሮች በምክር ቤት ሲጠሩ ራሳቸው ወይም ወኪላቸው ቀርበው ሊወጣ ስለታሰበው ሕግ ለሚነሣው ጥያቄ በቃል ወይም በጽሑፍ እንዲመልሱ ያዝ ነበር። ሚኒስትሮቹን የሚሾመውና የሚሽረው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ነበርና፣ እንደራሴው ስለሚወጣው ሕግ ቢጠይቅም ስለ ተሠራው ሥራ ሚኒስትሩን የሚይዝበት እጅ አልነበረውም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎችን የፌዴራል ባለሥልጣኖች ለጥያቄ እንዲጠራ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር እንዲመረምር ሥልጣን ሰጥቷል። በሁለቱ ድንጋጌዎች መካከል ያለው ርቀት ትልቅ ነው፤ ከሚወጣው ሕግ ጥያቄ ወደ ተሠራው ሥራ ጥያቄ ያደርሳል። ይሁን እንጂ ሕግ የሚሰጠው የመጠየቅን ሥልጣን ነው፤ የመጠየቅን ልብና የመመለስን ቅንነት ግን ሕግ ሊሰጥ አይችልም።

ይህ ልብና ይህ ቅንነት ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ነገሩ ወደዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ይመለሳል። ሚኒስትሩ በምክር ቤት ቆሞ የሚያነበው መልስ ብዙውን ጊዜ በእርሱ እጅ የተጻፈ አይደለም። አንድ የመምሪያ ሹም አዘጋጅቶታል፤ አንድ ጸሐፊ አስተካክሎታል፤ ቁጥሩንም ከወረዳ የመጣ መዝገብ ሰጥቶታል። ቁጥሩ ከሥር ሲበላሽ ሚኒስትሩ ሳይዋሽ ይዋሻል። ስለዚህ በአንድ ጠረጴዛ ላይ «ይህ ቢታወቅ አለቃዬ ይቀየመኛል» ብሎ አንዲት መስመር የሚሰርዝ ሹም፣ ስሙ ባይጠራም በምክር ቤት ፊት ቆሟል። የሚገባው መልስ የጠያቂውን አፍ የሚያስይዝ መልስ ሳይሆን፣ ጠያቂው መዝገቡን ራሱ ገልጦ ቢያይ ከሚያገኘው ነገር ጋር አንድ የሚሆን መልስ ነው።

መምህሩም ከዚህ ግዴታ ውጭ አይደለም። በክፍሉ ውስጥ የተነሣውን አስቸጋሪ ጥያቄ እንደ ድፍረት የሚቆጥር መምህር ነገ በምክር ቤት ወንበር ላይ የሚቀመጥ አጨብጫቢ ያሳድጋል። «አላውቀውም፤ አይቼ እነግርሃለሁ» የሚል መምህር ግን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያስተምራል፤ መጠየቅ ነውር አለመሆኑን፣ አለማወቅንም መናገር ውርደት አለመሆኑን። ተማሪውም በበኩሉ ከመጠየቁ በፊት ማንበብን፣ ከጠየቀ በኋላም መስማትን ይልመድ።

የታመመን ሰው ለመጠየቅ የሚሄድ ወዳጅ ደህና ነህ ብሎ አያታልለውም፤ በበሽታውም አይሳለቅበትም። ሕመሙን ሰምቶ የሚያስፈልገውን ለማወቅ ይቀመጣል። መንግሥትም እንዲህ ያለ ጠያቂ ያስፈልገዋል፤ እንዲህ ያለው ጠያቂ ሲመጣም ሕመሙን ሳይደብቅ የሚናገር ተጠያቂ ያስፈልጋል። በሽታውን ከጠያቂው የደበቀ ሰው በሽታውን አላዳነም፤ መድኃኒቱን ብቻ አዘገየ።