ስደተኛ መደሰት ይገባዋልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጾመ ፍልሰታን በሰላም ላስፈጸመን አምላክ ምስጋና ይግባውና ዛሬ ልናካፍላችሁ የወደድነው አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው የእኛ አይደለም፤ የአንዲት እኅታችን ነው።

ከጾሙ ፍቺ በኋላ በቆጵሮስ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሕፃን እንድናጠምቅላቸው ጠርተውን ሄደን ነበር። ከቤሩት ላርናካ አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም፤ ቪዛው ግን ወራት ፈጅቷል። እሑድ ቅዳሴውና ጥምቀቱ ካበቃ በኋላ «አባታችን ይህንን ሳያዩ አይሄዱም» ብለው አያ ናፓ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ወሰዱን።

አሸዋው እንደ ማኛ ጤፍ ዱቄት የላመ ነው። ኒሲ በሚባለው ዳርቻ ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ ደሴት አለች፤ ሰዎች ውኃውን በእግራቸው እየረገጡ ይሻገሩባታል። ሙዚቃው ከየአቅጣጫው ይጮኻል፣ ጃንጥላው ተደርድሯል፣ ከየሀገሩ የመጣው ሕዝብ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል። በነሐሴ ሙቀት ጥምጣምና ቀሚስ ለብሶ በዚያ መሃል ማለፍ ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት። ዓይናችንን መሬት መሬቱን አድርገን ነበር የምንሄደው። አንድ ትንሽ ልጅ ግን በአሸዋ የሠራውን ግንብ ሊያሳየን ቀሚሳችንን ሲጎትት ሳቃችን አመለጠን።

ከዚህ ሁሉ ጫጫታ ጥቂት እልፍ ብሎ፣ በከተማው መካከል፣ በእመቤታችን ስም የተሠራ የግሪኮች ገዳም አለ። ቬኔሲያውያን ደሴቲቱን ይገዙ በነበረበት ዘመን፣ በ1500 አካባቢ የታነጸ ነው። የከተማውም ስም ከዚያው የመጣ ነው፤ «አያ» ቅድስት፣ «ናፓ» ደግሞ በደን የተሸፈነ ሸለቆ ማለት ነው። ከገዳሙ በር ፊት ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው የሚባል ትልቅ ሾላ ቆሟል። ዘኬዎስ ጌታን ለማየት የወጣበት ዓይነት ሾላ፣ በሀገራችን ወንዝ ዳር የምናውቀው ያው ሾላ! ከሥሩ ተቀምጠን ውኃ ጠጣን፤ ሀገር ቤት የገባን መሰለን።

ስፍራው እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ድረስ ትንሽ የዓሣ አጥማጆችና የገበሬዎች መንደር ነበረ። የዚያን ጊዜ ዝነኛው መዝናኛ በስተ ሰሜን ያለው የፋማጉስታ ከተማ ዳርቻ፣ ቫሮሻ ነበር። በዚያ ዓመት ክረምት ጦርነት ሲመጣ ነዋሪው ቤቱን ጥሎ ሸሸ፤ ሰፈሩ በሽቦ ታጠረ፤ ከፊሉ ለጎብኚ የተከፈተው ገና በ2020 ነው። ዴሪኒያ ከምትባል መንደር ሆነን ከሩቅ አየነው። ሆቴሎቹ መስኮታቸው ባዶ ሆኖ ባሕሩን ያያሉ። የዛሬዋ አያ ናፓ የደመቀችው ያ ከጨለመ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ የስልማና ፍርስራሽ አለ፤ ጳውሎስና በርናባስ ወንጌል የሰበኩባት፣ በስሙ የምንቀድስበት ቅዱስ ኤጲፋንዮስም ጳጳስ የነበረባት።

አብራን የመጣችው እኅታችን በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ናት። ሁሉም ጫማውን አውልቆ ወደ ውኃው ሲወርድ እሷ ጫማዋን እንደተጫማች ከአሸዋው ጠርዝ ተቀመጠች። «ልጄ፣ አንቺስ እግርሽን አታነክሪም?» አልናት። «አባቴ፣ ይቅርብኝ» አለች። ቆይታ ነገሩን ነገረችን። ባለፈው ዓመት ጓደኛዋ ባሕር ዳር የተነሡትን ፎቶ ፌስቡክ ላይ አወጣችው፤ ወንድሟ አየው። የዚያኑ ማታ ደውሎ «ለእማማ መድኃኒት ብር የለኝም ትያለሽ፣ አንቺ ግን ትዝናኛለሽ» አላት። ከዚያ ወዲህ የዕረፍት ቀኗን እሑድን ሌላ ቤት ታጸዳበታለች። ባሕሩም ቀረ፤ ቅዳሴውም ቀረ። ያን ቀን የመጣችው ለክርስትናው ስትል ነው። «እናቴ ታማ፣ ሀገሬ እያለቀሰች እኔ መደሰት ይገባኛል?» አለችን። ቀጥላም ቀስ ብላ «እርስዎም በቻናሉ እንዲሁ ብለው አስተምረዋል» አለች።

እውነቷን ነው፤ ብለናል። ነቢዩ አሞጽ በጽዮን ተዘልለው በዝሆን ጥርስ አልጋ ላይ የሚተኙትን፣ ለዮሴፍ መከራ ግን የማያዝኑትን የገሠጸበትን ምዕራፍ ይዘን፣ በባሕር ዳር ፎቶ የሚነሡ ወጣቶችን ወቅሰናል። የመጻሕፍት መምህራችን «ቃሉ ለማን እንደተነገረ ሳትጠይቅ አትተርጉም» ይሉን ነበር። እኛ ሳንጠይቅ ተረጎምን። አሞጽ የገሠጸው የተደሰተውን ሁሉ አይደለም፤ በድሀ ላብ ደልቶት የማያዝነውን ነው። እኅታችን የዝሆን ጥርስ አልጋ የላትም፤ ኀዘኑ ደግሞ ከእሷ በላይ ማን አለው? ለጌቶች የተወረወረውን ቀስት ወደ ሠራተኛዋ መለስነው። ይቅር በሉን።

ስለ ሰንበት በዘዳግም ምዕራፍ 5 የተጻፈውን ደግማችሁ አንብቡት። ማን ይረፍ ይላል? ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ሎሌውና ገረዲቱ፣ በደጁ ያለው መጻተኛም ተቆጥረዋል። ምክንያቱም ተነግሯል፤ እስራኤል ራሱ በግብፅ ባሪያ ነበርና። እንግዲህ ገረዲቱን የሚያስቀር ጌታ ትእዛዝ ይተላለፋል። ገረዲቱ ራሷን ስታስቀርስ? የከበደን ይኼ ነው።

መሥዋዕትነት አይደለምን? የሚል ይኖራል። ለእናት መድኃኒት ዕረፍትን መሸጥ ፍቅር ነው፤ ማንም አያቃልለው። ነገር ግን መሥዋዕት በፈቃድ የሚቀርብ ነው። የወንድም ስልክ ተፈርቶ የሚከፈለው ግን ግብር ነው። እግሯን ባለማንከሯ ለእናቷ አንዲት ክኒን አልተገዛችም። የእሑዱ ሥራ በእርግጥ ይገዛል፤ ይህን ልንክድ አንችልም። ነገር ግን ወገባቸው ተይዞ፣ ጉልበታቸው አልቆ ሀገር የገቡትን እኅቶቻችንን ታውቋቸዋላችሁ። ያኔ መድኃኒቱን ማን ይልካል? ጌታችን ሐዋርያትን ከድካማቸው ጥቂት ዕረፉ ብሎ ወደ ምድረ በዳ ሲወስዳቸው የታመመውና የተራበው ሕዝብ አልቆ አልነበረም፤ እንዲያውም ተከትሏቸው መጣ። መከራ እስኪያልቅ ይጠበቅ ቢባል ማንም አያርፍም።

ይህን ስንል በብድር ገንዘብ ለፎቶ ብሎ ሆቴል የሚያድረውን፣ ሰክሮ የሚያነጋውን እያመሰገንን አይደለም። እሱን ዛሬም እንመክራለን። ባሕሩ ግን ምን አደረገ?

በ1974 ክረምት በቫሮሻ የዋኙት ሰዎች የመጨረሻቸው መሆኑን አላወቁም ነበር። ስላልዋኙ የሚተርፍላቸው ነገር አልነበረም።

ለእኅታችን ይህን ሁሉ አልሰበክንላትም። በወር አንዱን እሑድ እንኳ ለቅዳሴና ለራሷ እንድትተው ብቻ ለመንናት። ለወንድሟም እኛው እንደምንደውል ነገርናት፤ ደውለናልም። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ኋላ ዝም አለ። ይህን ጽሑፍ ሀገር ቤት ላሉ ወንድሞቻችሁ ብትልኩላቸው አንከፋም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተነሥታ ጫማዋን አወለቀች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። ማዕበሉ ሲመጣ ጮኸች፣ ሳቀችም። ከእኛ ጋር የነበረው ወንድም ስልኩን ሲያወጣ አይታ «ፎቶ እንዳታነሣኝ!» አለችው። መልሶ ኪሱ ከተተው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።