ማንም ስለማይሞቀው እሳት

በኬንያ ወሰን ውስጥ በሞያሌ በኩል ባለችው በዳበል እናቶች ማገዶን በጀርባቸው ተሸክመው ያመጣሉ። ፍሙ ለነገ ጧት እንዲተርፍ ማታ በዐመድ ማዳፈንን በደጋ የምንኖረውም እናውቀዋለን። እንግዲህ ለእነዚህ እናቶች፣ በባሕር መካከል ቀንና ሌሊት የሚነድ፣ ማንም የማይሞቀውና ማንም የማያበስልበት እሳት አለ ብንላቸው ምን ይሉን ይሆን?

እሳቱ ግን አለ። በባሕር ላይ በብረት ምሰሶ ከቆሙት የነዳጅ ማውጫዎች ዘይቱ ሲወጣ የተፈጥሮ ጋዝ አብሮት ይወጣል። ዘይቱን መርከብ ይወስደዋል፤ ጋዙን ወደ የብስ የሚያደርስ ቧንቧ ከሌለ ግን በረጅም ቱቦ ጫፍ ይቃጠላል። የዓለም ባንክ እንደ ገመተው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 በባሕርም በየብስም እንዲህ የተቃጠለው 151 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነበረ።

የሚያቃጥሉት ሰዎች መልስ አላቸው፤ መልሳቸውንም በቅንነት ልንሰማ ይገባናል። ጋዙ ሳይነድ ቢለቀቅ፣ በውስጡ ያለው ሜቴን በ20 ዓመት ውስጥ ምድርን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል፤ ድንገተኛ ግፊት ሲነሣም ነበልባሉ የሠራተኞቹን ነፍስ ያድናል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከባሰው ክፉ ስለ ሸሸን ብቻ ጻድቃን ነን ልንል እንችላለንን? ለአደጋ ቀን የተፈቀደው የየቀኑ ልማድ ሲሆን፣ «አልቻልንም» የሚለው ቃል «ዋጋው በዛብን» የሚለውን እንዳይሸፍን እንፈራለን። ጌታችን አምስት ሺህ ሰው ከመገበ በኋላ፣ እንጀራ የማያልቅበት እርሱ፣ የተረፈውን እንዲሰበስቡ ደቀ መዛሙርቱን አዘዘ። እኛ ብንሆን፣ ነገም ያበዛዋልና ይቅር ባልን ነበር።

መንገድስ አለ። ጋዙን በብርቱ ሙቀት ከእንፋሎት ጋር ቢያዋሕዱት ሃይድሮጂን ይገኝበታል። በባሕር ላይ ቦታው ጠባብ፣ ሥራውም ውድ ነው፤ ካርቦኑም ተይዞ ካልተቀበረ ወደ ሰማይ መውጣቱ አይቀርም፤ ይህም ግማሽ ንስሐ ነው።

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይምሰለን። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የካሉብ የጋዝ ሥራ ተመረቀ፤ በዚያው ቀን በጎዴ ለማዳበሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ከጋዝ የወጣ ሃይድሮጂን ከአየር ናይትሮጂን ጋር ተዋሕዶ አሞኒያ ይሆናል፤ ከአሞኒያውም ዩሪያ ይሠራል። ስለዚህ በካሉብ ያለ ግድ የሚነድ ጋዝ ቢኖር፣ የሚነደው ገበሬያችን በክረምት መግቢያ ተበድሮ የሚገዛው ኩንታል ነው።