ውሃ የማን ነው?

ምስጋና ሁሉ ዝናምን አውርዶ ደረቂቱን ምድር ለሚያለመልመው ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

ወንድሞቼ ሆይ፣ ከልጆቻችሁ አንዱ «ውሃ የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? ጥያቄው የሕፃን ይመስላል፤ ነገር ግን በነጋዴ ሚዛን ፊት የሚቆም ጥያቄ ነው።

አስቀድማችሁ ከሚፈላ ድስት ላይ ክዳኑን አንሡና ከሥሩ የተንጠለጠለውን ጠብታ አቅምሱት። ወጡ ጨው አለበት፤ ጠብታው ግን የለበትም። በጅዳ ፊት የተዘረጋው ቀይ ባሕርም እንዲሁ ነው። ፀሐይ ስታሞቀው ውሃው ተንኖ ይወጣል፣ ጨው በስፍራው ይቀራል፣ ነፋስም ደመናውን ይነዳዋል፤ ዝናሙ ጣፋጭ ሆኖ ይወርዳል። በምድር ካለው ውሃ ከመቶው 97 ያህሉ ጨዋማ ነው፤ ከቀረውም አብዛኛው በረዶ ነው። ሰውና ግመል፣ ተምርና ንብ የሚጠጡት ከዚያች ጥቂት ትራፊ ነው። ለዚህ ማጣራት ደመወዝ የከፈለ ማን ነው?

ነቢዩም፣ የአላህ ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁንና፣ ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን አስተምረዋል። በመንገድ ላይ የተረፈ ውሃ ይዞ ተጓዡን የከለከለውን ሰው አላህ በትንሣኤ ቀን እንደማያነጋግረው ተናግረዋል። ይሁን እንጂ የሕግ ሊቃውንት በወንዝ ያለውንና በእንስራ የተቀዳውን ውሃ ለይተዋል። ቀድቶ፣ ተሸክሞ፣ እስከ ደጅ ያደረሰ ሰው የድካሙን ዋጋ ቢቀበል ሐላል ነው።

«ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ ልጆችም አሉኝ» የሚል ነጋዴ ይኖራል። ይህ ክርክር በመዲና ተሰምቷል። ስደተኞቹ ወደዚያ በደረሱ ጊዜ ጣፋጩ ውሃ ሩማ በሚባለው ጉድጓድ ነበር፤ ባለቤቱም በስልቻ ይሸጠው ነበር። በአንድ ዘገባ እንደሚነገረው፣ ነቢዩ በጀነት ባለ ምንጭ እንዲለውጠው ቢጠይቁት፣ ለእኔና ለቤተ ሰቤ ከዚህ በቀር መተዳደሪያ የለንም አለ። እርሳቸውም በግድ አልወሰዱበትም። ይህን ልብ በሉ፤ የጥማተኛው መብት ታላቅ ቢሆንም የድኻው ሰው እንጀራ አልተነጠቀም። ጉድጓዱን የሚገዛና የራሱን ባልዲ ከሙስሊሞች ባልዲ ጋር እኩል የሚያደርግ ሰው ፈለጉ እንጂ። ሰይዲና ዑስማን ኢብን ዐፋን ገዙት። ስለ ዋጋው ዘገባዎች ይለያያሉ፤ በዚሁ ዘገባ 35,000 ዲርሃም ነው። ከዚያም ለሀብታሙም፣ ለድኻውም፣ ለመንገደኛውም ወቅፍ አደረጉት።

እኔ ከገንዘቡ ብዛት ይልቅ የባልዲው ነገር ይበልጥብኛል። ሰጪው ለራሱ የተለየ ሰዓት፣ የተለየ ገመድ አላስቀረም፤ የገዛውን ውሃ ከሌላው ጋር ተራ ጠብቆ የሚቀዳ ሆነ።

በሂጅራ 35 ዓመት ዓመፀኞች የሰይዲና ዑስማንን ቤት በከበቡ ጊዜ ውሃ ከለከሏቸው። እርሳቸውም ከቤታቸው ብቅ ብለው፣ ሩማን በገዛ ገንዘባቸው መግዛታቸውን ያውቁ እንደሆነ ጠየቋቸው። ሰዎቹም እናውቃለን አሉ። ውሃውን ግን አልሰጧቸውም።