ብድር የማይመልሰው እንግዳ



መንገደኛ ሲመሽበት «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ብሎ ደጅ መምታቱ፣ ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ማስገባቱ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ቃሉ አጭር ቢሆንም ትምህርቱ ጥልቅ ነው። እንግዳው የእግዚአብሔር ከሆነ፣ ቤቱም ለእንግዳ ከሆነ፣ ባለቤቱ በገዛ ቤቱ መጋቢ እንጂ ጌታ አይደለም ማለት ነው። እንግዳን መቀበልና ትሕትና የማይነጣጠሉትም ስለዚህ ነው።

ይሁንና ከሰበታ እስከ ተጂ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ፣ በየሰርጉና በየክርስትናው ድንኳን የምንጠራው ማንን እንደሆነ ራሳችንን ብንጠይቅ መልሱ ያሳፍረን ይሆናል። ትናንት የጠራንን እንጠራለን፤ ነገ የሚጠራንንም እንጠራለን። የተቸገረው ግን ከአጥር ውጭ ተቀምጦ፣ እንግዶች ከተነሡ በኋላ የሚተርፈውን ይጠብቃል። በእርግጥ ብድር መመላለስ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ዕድራችን የቆመው፣ ሙታናችንም በክብር የሚቀበሩት በዚሁ ነው። ነገር ግን ብድር መመለስ የሚችለውን ብቻ የሚያውቅ ፍቅር ገና ወደ ወንጌል ደጃፍ አልደረሰም።

ጌታችን ይህን ያስተማረው በማዕድ ላይ ነው (ሉቃ. 14)። በአንድ የፈሪሳውያን አለቃ ቤት ሳለ፣ በመጀመሪያ የከበሬታ ስፍራ የሚመርጡትን እንግዶች ዝቅ ብለው እንዲቀመጡ መከራቸው። ቀጥሎም ጋባዡን፣ ወዳጆቹንና ባለጸጎች ጎረቤቶቹን ሳይሆን ድኾችንና አንካሶችን፣ ዕውራንንም እንዲጠራ አሳሰበው። እነርሱ የሚመልሱት የላቸውምና፣ ዋጋውን በጻድቃን ትንሣኤ ያገኛል። ለተጋባዡ ትሕትናን፣ ለጋባዡ ልግስናን በአንድ ማዕድ ማስተማሩ ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ዋጋው በሰማይ የሚከፈል ከሆነ፣ ለድኻ መስጠት ከፍ ባለ ወለድ ማበደር አይሆንምን? ጥያቄው ቀላል አይደለም። መልሱን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እናገኘዋለን። በፍርድ ቀን የተመሰገኑት ጻድቃን ጌታን መቼ እንዳበሉና እንደተቀበሉ አላወቁም፤ ይልቁንም ተደነቁ። ሒሳብ ይዘው ቢሆን ኖሮ ባልተደነቁ ነበር። እንግዲህ ዋጋው የተሰጠው ዋጋ ላልቆጠሩት ነው። የቋንቋችን ምስጋናም ይህንኑ ይመሰክራል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚል ሰው፣ «እኔ መመለስ አልችልም፤ ስለ እኔ እርሱ ይመልስ» ማለቱ ነው። ይህን ምስጋና የተቀበለ ሰው ከተረጂው ውለታም ሆነ መሽቆጥቆጥ ሊጠብቅ አይገባውም፤ ዕዳው ከድኻው ትከሻ ወርዷልና።

ከቡራዩ አልፎ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ በመናገሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ለአካል ጉዳተኞች የተመሠረተው የቼሻየር ማእከል ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። ስሙን የሰጠው ሌናርድ ቼሻየር እንግሊዛዊ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበር፤ በ1945 በናጋሳኪ ላይ የተጣለውን የአቶሚክ ቦምብ ፍንዳታ ከአየር ላይ ሆኖ ተመልክቷል። በ1948 በካንሰር ሊሞት የተቃረበ፣ መጠጊያ የሌለው አንድ ሰው ወደ ቤቱ አስገብቶ በገዛ እጁ አስታመመው። ሕመምተኛው ምንም ሳይከፍል በዚያው ዓመት አረፈ። ሆኖም ዓመቱ ከማለቁ በፊት ቼሻየር ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ ወደ እምነት የመራው መንገድም ያለፈው በዚያ አልጋ አጠገብ ነው። በብዙ አገሮች የተከፈቱት ማእከሎችም መነሻቸው ያው አልጋ ነው። ታዲያ ከሁለቱ ሰጪው ማን ነበር? «ድኻ የሚሰጠው የለውም» ማለትም ራሱን የቻለ ትዕቢት ነው።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በሚቀጥለው ድግሳችን ለተቸገረ ወንድማችን ትራፊ በበር ከመስጠት ይልቅ በድንኳኑ ውስጥ ስፍራ እናዘጋጅለት። ስሙን እንጠይቀው፤ በዕድሜ የገፋ ከሆነ «እርስዎ» እንበለው፤ እጁንም ራሳችን እናስታጥበው። ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ እግር ሲያጥብ፣ አሳልፎ የሚሰጠውን ይሁዳን እንኳ አልዘለለም። እኛም የማይመልስልንን እንግዳ በደስታ እንቀበል ዘንድ እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።