ዋጋ ሲወደድ ጥፋተኛው ማን ነው?

ዛሬ የኑሮ ውድነት የማይነሣበት ማኅበር፣ ዕድርና ለቅሶ ቤት የለም። ነገሩ በተነሣ ቁጥር ደግሞ ፍርዱ አንድ ነው፤ «ነጋዴው እግዚአብሔርን መፍራት ተወ» ይባልና ወሬው ይዘጋል። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? ከመፍረድ በፊት መመርመር ከክርስቲያን ወጣት የሚጠበቅ ስለ ሆነ፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ የገበያውን አሠራርና የኅሊናን ጥያቄ ጎን ለጎን አድርገን እንመልከት።

በመጀመሪያ ዋጋ ምንድን ነው? ዋጋ በመሠረቱ መልእክተኛ ነው። ዕቃ ሲያንስ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ የብር አቅም ሲደክም ይህን ሁሉ ለገዢውም ለሻጩም የሚነግረው ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በዚያው ዕለት በባንክ ወደ 74 ብር ወጣ፤ በሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባው ዘይት፣ መድኃኒትና የመኪና መለዋወጫ የሚገዛው ደግሞ በዶላር ነው።

እንግዲህ አንድ የሰፈር ባለሱቅ እናስብ። 20 ጄሪካን ዘይት እያንዳንዱን በ800 ብር ገዝቶ በ850 ብር ይሸጥ ነበር እንበል። አሁን አከፋፋዩ አንዱን ጄሪካን 1,000 ብር አደረገበት። ባለሱቁ በእጁ ያለውን ሁሉ በቀድሞው ዋጋ ቢሸጥ 17,000 ብር ያገኛል፤ በዚህ ገንዘብ መልሶ የሚገዛው ግን 17 ጄሪካን ብቻ ነው። የሱቁን ኪራይ ሳይከፍል፣ ልጆቹንም ሳያበላ ሦስት ጄሪካን ጎደለበት ማለት ነው። ዋጋው እንዲህ እየጨመረ እርሱም ጥቂት ጊዜ በአሮጌው ዋጋ እየሸጠ ቢቀጥል መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፤ የሰፈሩም ሰው በውድ እንኳ የሚገዛበትን ያጣል። ስለዚህ «በአሮጌ ዋጋ የገዛውን በአዲስ ዋጋ ሸጠ» የሚለው ክስ ብቻውን ኀጢአትን አያስረዳም።

መልእክተኛውን በመምታትም መልእክቱ አይለወጥም። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት እንደ ስኳር፣ ዘይትና ሥጋ ባሉ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ተመን ባወጣ ጊዜ የታሰበው ድኻውን ለመርዳት ነበር። ነገር ግን አንዳንዱ ሸቀጥ ከሱቅ ተሰወረ፤ ሰልፍም በዛ። ከጥቂት ወራት በኋላ በአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ የነበረው ተመን ተነሣ።

እስከዚህ ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል፤ እኛ ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ይህም ስሕተት ነው። መልእክተኛው አንድ ትልቅ ጉድለት አለበትና፤ ገንዘብ የሌለውን ሰው ድምፅ አያደርስም።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኀብ ለዚህ ምስክር ነው። ትውልዱ ከሕንድ የሆነውና በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበለው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን፣ ስለ ድኽነትና ስለ ረኀብ ጽፎ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ረኀብ መርምሯል። ሴን እንዳስረዳው፣ በወሎ አዝመራ ቢጠፋም የአገሪቱ የምግብ ምርት በጠቅላላው ያን ያህል አልወደቀም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ከተለመደው እጅግ አልራቀም። ታዲያ ሕዝቡ ለምን ተራበ? ገበሬው አዝመራው ሲጠፋበት የሚበላውን ብቻ አይደለም፣ ሸጦ ገንዘብ የሚያገኝበትንም አጣ። ከብቱን ወደ ገበያ ቢነዳ፣ ሁሉም ከብቱን ስላወጣ የከብት ዋጋ ወደቀ። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ደግሞ በገበያ ከፈላጊ አይቈጠርም። ስለዚህ ሰው እየሞተ ዋጋው ዝም አለ። ይባስ ብሎም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል እንደ ነበር ተዘግቧል። እህል የሚሄደው ገንዘብ ወዳለበት ነውና።

ይህ ነገር በረኀብ ዘመን ብቻ የሚታይ አይደለም። ዋጋ ሲንር ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ፣ ባለታክሲው ታሪፉን ለማስተካከል ይሞክራል። በጡረታ አበል የሚኖሩ እናት ግን አበላቸውን በገዛ እጃቸው ሊያስተካክሉ አይችሉም። ሱቁ ሞልቶ ሳለ ከመሶባቸው እንጀራ ይጎድላል። ጎረቤትም አያውቅባቸውም፤ ምክንያቱም አይለምኑም።

ታዲያ ኀጢአቱ የቱ ላይ ነው? ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የእህሉን አምስተኛ እጅ አከማችቶ ነበር። ዛሬም ዕቃ የሚሸሽግ ነጋዴ ያከማቻል። በውጭ ለሚያያቸው ሁለቱም ጎተራ ሞልተው ዘግተዋል። ዳሩ ግን ዮሴፍ ያከማቸው እህል በተትረፈረፈ ጊዜ፣ ረኀቡ ሰው እንዳይፈጅ ነው፤ ያኛው የሚሸሽገው ዕቃ በጠፋ ጊዜ፣ ጭንቁ እንዲብስለት ነው። የአንዱ ጎተራ ረኀብን ያስታግሣል፤ የሌላው ጎተራ ረኀብን ይጨምራል። ነቢዩ አሞጽም የነቀፋቸው ነጋዴዎች መስፈሪያ ያሳነሱ፣ ሚዛን ያጣመሙና ድኻውን የረገጡ ናቸው፤ መነገድን ራሱን አልኰነነም። እንግዲህ ያለውን ዕቃ «የለም» ማለት፣ በሚዛን ማጭበርበር፣ ከሌሎች ጋር ተመካክሮ ዋጋ መስቀል ኀጢአት ነው።

በዚህ ላይ ገዢውም ከደሙ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም። የጭማሪ ወሬ እንደ ሰማ የሦስት ወር ዘይትና ስኳር በመኪና ጭኖ የሚሄድ ሰው እርሱም አከማችቷል፤ ለማግሥቱ ብቻ መግዛት የሚችለው ጎረቤቱ መጥቶ ባዶ መደርደሪያ ያገኛል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለምን? ነጋዴውን እየረገመ ጓዳውን የሚሞላ ሰው ከነጋዴው የሚለየው በመጠን ብቻ ነው።

በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ረኀብ በገባ ጊዜ ቅዱስ ባስልዮስ ጎተራቸውን የዘጉትን ባለጠጎች አጥብቆ ገሥጿል። ነገር ግን በተግሣጽ ብቻ አላቆመም፤ ለተራቡትም ምግብ አዘጋጅቶ መገባቸው። እኛ ከሁለቱ የወሰድነው ቀላሉን፣ ይኸውም ተግሣጹን ብቻ እንዳይሆን ያሰጋል።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በቤተ ሰባችን ሱቅ የምንሠራ ብንኖር ያለውን አንሸሽግ፣ ሚዛኑን እናስተካክል፤ ስማቸው በዱቤ ደብተር ላይ ለሰፈረ አቅመ ደካሞችም ቢቻል የቀድሞውን ዋጋ እንተውላቸው። የምንገዛም ብንሆን የሚበቃንን ብቻ እንግዛ። በየክፍላችን ደግሞ በአጥቢያችን ያሉ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ቤት ለይተን እንወቅ፤ በጾም ወራት ከማዕዳችን የቀነስነውን አስልተን የእነርሱን ጤፍ እንግዛበት። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ከእያንዳንዳችን የሚፈለገው ብዙ አይደለም። ዋጋ የማያሰማውን የእነዚህን ሰዎች ድምፅ ገበያው ሊሰማ አይችልም። እኛ ግን ጆሮ ተሰጥቶናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።