በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር

በእድራችን ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፤ ጽሕፈቱ ይነበባል ተብሎ አንድ ጊዜ ተሰጠኝ፣ በዚያው ቀረ። ሥራው ከባድ አይደለም። መልኩ የታወቀ ነው፤ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በቀድሞው ሸዋ ጠቅላይ ግዛት» ብሎ ይነሣና «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ላይ ሲደርስ ለቀስተኛው ነጠላውን ማስተካከል ይጀምራል። መሀል ላይ ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ይባላል። እኔ የጻፍኳቸው ወረቀቶች ብቻ ቢሰበሰቡ፣ ካዛንቺስ ደግ ሆኖ ኖሮ ደግ ሆኖ የሞተ ሰው ብቻ የነበረባት ሰፈር ትመስላለች። እዚያው ነው ያደግሁትና እንዲያ እንዳልነበረች አውቃለሁ።

ታዲያ የምጽፈው ውሸት ነው?

መጀመሪያ እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ውሸት ውሸት የሚሆነው የሚታለል ሰው ሲኖር ነው። መቃብር ዳር የቆመው ሰው ግን ሟቹን ያውቀዋል፤ «ሰው አክባሪ ነበሩ» ሲባል ጎረቤት የሚያውቀውን በልቡ ይዞ ዝም ይላል። «እግዜር ያጥናችሁ» እንደምንለው ያለ የወግ ቃል ነው፤ እውነት ነው ሐሰት ነው ብሎ የሚመረምረው የለም። ይህ መልስ ለጥቂት ጊዜ አሳረፈኝ። ኋላ ግን አልጠቀመኝም፤ ምክንያቱም ወግ ብቻ ከሆነ የተወለዱበት ዓመተ ምሕረት፣ የሠሩበት መሥሪያ ቤት፣ ያገለገሉበት ዘመን ለምን ይጻፋል? ቤተሰቡስ ወረቀቱን አጥፎ ከፎቶግራፉ ጋር ለምን ያኖረዋል? ከ30 ዓመት በኋላ ያን ወረቀት የሚያገኘው የልጅ ልጅ አያቱን አያውቅም። እሱ ይታለላል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. የሕይወት ታሪክ መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ፣ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን ማሰባቸውን በርእሱ ላይ ገልጸውታል። እሳቸው የጻፉላቸው ነገሥታት፣ መኳንንትና ሊቃውንት ናቸው። ለእነዚያ ሌላም ጸሐፊ፣ ሌላም ሰነድ አለላቸው፤ አንዱ ቢያሞግሳቸው ሌላው ያርማል። ለእኛ ሰፈር ሰው ግን ከዚያች ከአንድ ገጽ በስተቀር የሚቀርለት የለም። ስለዚህ የጽሑፉ ማጠር አላፊነቱን አያቀለውም፤ እንዲያውም ያከብደዋል።

በትንሹ ነገር ልጀምር ብዬ የትውልድ ዘመን ላይ ጥንቃቄ ያዝኩ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ዘመናቸውን የሚቆጥሩት በሌላ ነገር ነው። የአንዲት ሟች እኅት «ጣሊያን ሲገባ እኔ እታዘል ነበር፣ እሷ ገና ናት» ይላሉ፤ እንግዲህ ከ1928 ዓ.ም. በኋላ መሆኑ ነው። መታወቂያው 1935 ይላል፤ እሱን ደግሞ አንድ የቀበሌ ጸሐፊ ፊታቸውን አይቶ የገመተው ነው ይባላል። «በ1930 ዓ.ም. ግድም» ብዬ ጻፍኩ። ቤተሰቡ ወረቀቱን ሲያየው «ግድም» የምትለዋን ሰረዘ፤ ክብር የምትነካ መስላ ታየቻቸው። እኔ በበኩሌ በዚያ ገጽ ላይ እርግጠኛ የነበርኩባት ቃል እሷ ብቻ ነበረች።

ጠላ እየጠመቁ አራት ልጅ ያሳደጉ እናት ሲሞቱ ነገሩ ከፋ። አሜሪካ ያለችው ልጃቸው ለመምጣት አየር ማረፊያ ቁጭ ብላ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ጠላውን ይተዉት፤ በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር ቢሉት አይሻልም?» አለች። በእናቷ አፍራ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ሰው ፊት ዝቅ ብለው እንዳይታዩባት ነው፤ ባለቤቷም አማቾቿም አብረዋት ይቆማሉ። የቤተሰብ ቃል ነውና እንደተባልኩት ጻፍኩ።

ማታ ድንኳን ውስጥ ወጣቶቹ ካርታ ይጫወታሉ፣ ትልልቆቹ ቡና ይዘው ተቀምጠዋል። አንዱ የድሮ ጠጪ ስለ ዱቤው አነሣ። እናትየዋ ፊደል ባልቆጠሩበት ዘመን የሰውን ዕዳ ከበሩ ጀርባ በከሰል ነበር የሚያሰፍሩት፤ ፖሊሱን በኮፍያ፣ አናጢውን በመዶሻ እያደረጉ፣ ከሥሩ ደግሞ በጣሳ ልክ ጭረት። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ገብተው ተማሩና ጭረቱ ቀርቶ ስም መጻፍ ጀመሩ። የተከፋው ደንበኛው ነው። ኮፍያው ማን እንደሆነ ከሳቸው በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ አሁን ግን ፊደል የቆጠረ ሁሉ የሰውየውን ዕዳ እያነበበ ይገባል። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷም ሳቀች፤ ቀጥላም «የትኛው በር ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ታናሽ ስለነበረች አልደረሰችበትም።

እኔ የጻፍኩት ውስጥ በሩ የለም። አንድ ሰው ፊደል ሲቆጥር በሰፈር ላይ የሚመጣው ጣጣም የለም። «በግል ሥራ» የሚለው ቃል ልብስ ሰፊውንም፣ ባለ ሱቁንም፣ ጠላ ጠማቂዋንም እኩል ይሸፍናል፤ ለዚህም ነው የማይዋሸው፣ ለዚህም ነው የማይጠቅመው።

እንግዲያው እውነተኛው መዝገብ ድንኳኑ ነው ልል ተቃርቤ ነበር። ያቆመኝ የእድራችን የቀድሞ ዳኛ ሞት ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሰውየው በመቀጮ ጨካኝ ነበሩ፤ ቀብር የቀረ፣ ወርኀዊ ክፍያ ያሳለፈ ሰው ምክንያቱን ሳይጨርስ ይቀጣል። አንዱ ድንኳን ውስጥ ይህን ሲያወራ ሌላው ተነሥቶ «አንተ አታውቃቸውም፤ የደሀውን ውዝፍ ማን ይከፍለው ነበር?» አለ። ከኪሳቸው ይከፍሉ ነበር ማለቱ ነው። ሁለቱም ምለው ይናገራሉ። ሁለቱም ከሳቸው ጋር ዘመን የኖሩ ናቸው።

መዝገብ አለን አይደል? አወጣሁትና አየሁ። በእርግጥም የአንዲት ባል የሞተባቸው እናት የብዙ ወር ውዝፍ በአንድ ቀን ገብቷል፤ ቀኑም ዳኛው የራሳቸውን የከፈሉበት ቀን ነው። ይህ በተደጋጋሚ ይታያል። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደስታዬን ጠረጠርኩት። መዝገቡ ገንዘቡ መግባቱን እንጂ ከማን ኪስ መውጣቱን አይናገርም። የእድር ክፍያ ይሰበሰብ የነበረው በስብሰባ ቀን ስለሆነ ሁሉም የሚከፍለው በዚያው ቀን ነበር፤ ቀኑ መገጣጠሙ ብቻውን አያስረዳም። ሴትየዋን ልጠይቅ አልልም፤ ከዳኛው በፊት አርፈዋል።

ስለዚህ ሁለቱን እንዳሉ ጻፍኳቸው፦ በሕግ ጥብቅ እንደነበሩ፣ የችግረኛን ውዝፍ ይከፍሉ እንደነበርም የሚናገሩ መኖራቸውን። «የሚናገሩ» የምትለው ቃል ላይ ልጃቸው ተቀየመኝ።

ወደ ሌላ ሐሳብ የወሰደኝ የእድራችን አባል የነበሩ ሙስሊም ጎረቤታችን ቀብር ነው። ጠዋት አርፈው በዕለቱ ተቀበሩ። ፎቶግራፍ የያዘ፣ ወረቀት የዘረጋ ሰው አልነበረም። ሶላቱ ሊሰገድ ሲል ከቤተሰቡ አንዱ ወደ ፊት ወጥቶ፣ ሟቹ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ካለ ወደ እኛ ይምጣ፣ የተቀየመም አውፍ ይበላቸው አለ። በቃ ይኸው ነው። በእስልምና የሟች ዕዳ ቀድሞ መከፈል ያለበት ነገር ስለሆነ ጥያቄው የተለመደ ነው፤ ለእነሱ አዲስ አይደለም። ለኔ ግን ቆሞ መስማቱ ነገሩን ገለጠልኝ። እኛ መቃብር ዳር የምናነበው ገጽ መልስ የማይቀበል ነው። ማንም እጁን አውጥቶ «እንዲህ እንኳ አልነበረም» አይልም። እዚያ ግን ስለ ሟቹ የተነገረው ራሱ ጥያቄ ነው፤ የሚያውቅ እንዲናገር በር ተከፍቷል። እኔ ለካ ስጨነቅ የኖርኩት በሙገሳው ብዛት አልነበረም። ምስጋናውም ነቀፋውም ቢጻፍ፣ የሚመልስ ሰው ከሌለ ያው ነው።

ግን ሁሉ ነገር ለጥያቄ ይከፈታል? እዚህ ላይ ብዙ ቆምኩ።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጅ የተገደለባቸው ብዙ እናቶች ማልቀስም፣ ጥቁር መልበስም ተከልክለው እንደነበር ይታወቃል። ከእነዚያ አንዷ የእኛ እድር አባል ነበሩ። ልጃቸው ድንኳን አልተተከለለትም፣ ለቀስተኛ አልተቀመጠለትም። እሳቸው ግን የሰው ለቅሶ ላይ ሲገኙ ከባለቤቱ በላይ ነበር የሚያለቅሱት፤ ለማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ የሚጠይቅ የለም። ሲሞቱ ልጆቻቸው የወንድማቸው ነገር በወረቀቱ ላይ እንዳይነሣ ለመኑኝ። ፈርተው አይመስለኝም። በዚያን ዘመን የቀበሌው አብዮት ጥበቃ የነበረ ሰው ቤተሰብም የዚሁ እድር አባል ነው፤ በዚያ ሳምንት እንጀራና ወጥ ተሸክመው እዝን ይዘው መጥተዋል። «ተገደለ» ብዬ ባነብ ቀጥሎ የሚመጣው «በማን?» ነው። በማን እንደሆነ ደግሞ በእውነት የሚያውቅ የለም፤ የሚጠረጥር ነው ያለው።

እውነት መደበቅ የለበትም ብዬ ልሟገት ዳድቶኝ ነበር። ነገር ግን እናትየዋ ከዚያች ከሰውየው ሚስት ጋር ስንት ዘመን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አንድ ሰሐን ንፍሮ ተካፍለዋል። ያ ዝምታ የሳቸው ሥራ ነው፤ ዋጋውንም የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ያልተናገሩትን እኔ በሬሳቸው ላይ የምናገረው በምን ሥልጣን ነው? በሌላ በኩል ልጁን ከነጭራሹ ማውጣት ሁለተኛ ጊዜ ያለ ለቅሶ መቅበር ይሆናል። በሕይወት ያሉት ልጆች አምስት ናቸው። «የስድስት ልጆች እናት» ብዬ ጻፍኩና ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ቤተሰቡ አየው፤ አልሰረዘውም። ሲነበብ ከአረጋውያኑ አንዳንዶቹ ቀና አሉ። ወደ ፊት ያን ወረቀት የሚያነብ ልጅ አጎቶቹንና አክስቶቹን ቆጥሮ አንድ ቢጎድልበት ይጠይቃል፤ መንገሩ የዚያን ጊዜ የቤተሰቡ ፋንታ ነው።

ይህን ሁሉ ሳወጣና ሳወርድ የሚመልስ ሰው ሞልቶኛል ብዬ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈራችን ለልማት ሲነሣ ሰዉ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ቦታ ሄደ። እድሩ አልፈረሰም፤ ክፍያው በስልክ ይገባል፣ መርዶውም በስልክ ይመጣል። ጡሩምባ ነፊያችን ከተማውን ሁሉ ሊያዳርስ አይችልም። ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑ በአዲሱ ሕንፃ ሥር ይተከላል፤ የሕንፃው ሰው ጨዋ ነውና ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ሟቹን ግን አያውቃቸውም። የድሮው ጎረቤት ሁለት ታክሲ ይዞ ደርሶ፣ ሳይመሽበት ይነሣል። ማታ የሚወራበት ድንኳን ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። ስለ ዳኛው የሚከራከሩት ሁለቱ ሰዎች ዛሬ የሚኖሩት በከተማው ሁለት ጫፍ ነው።

ስለዚህ ስንቀው የነበረውን ገጽ መልሼ ማየት ግድ ሆነብኝ። እዚያ ሕንፃ ሥር ለተቀመጠ እንግዳ ስለ ሟቹ የሚደርሰው ነገር ቢኖር ያ ገጽ ብቻ ነው። ቀድሞ ድንኳኑ ያሟላው የነበረውን አሁን ገጹ ሊሸከም ነው። ለመሸከም ደግሞ ከሞት እስከ ቀብር ያለው ጊዜ አይበቃም፤ ለቅሶ ላይ ያለ ቤተሰብ ቁጭ አድርጎ መጠየቅም ነውር ነው።

ባለፈው የእድር ስብሰባ ሐሳብ አቀረብኩ። መቃብር ዳር የሚነበበው በነበረበት ይሁን፤ «ባደረባቸው ሕመም» ይባል፣ ማንንም አይጎዳም። አርባ ሲወጣ ግን የድሮው ሰፈር ሰው ከያለበት ስለሚሰበሰብ፣ ያው ገጽ ሰፊ ኅዳግ ተትቶለት ይቅረብ፤ የሚያውቅ ይጨምር፣ የማይስማማ አለመስማማቱን ይጻፍ፣ መጻፍ የማይችል ይናገርና ይጻፍለት። ቤተሰቡ እንዳይወጣ የሚለው ነገር ካለ እሱ ይከበር። አንዱ ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንዱ ለእድሩ።

አንድ አባት ተዝካር የበላ ሰው አፉን ሊከፍት ነው፣ ጠብ ታመጣላችሁ አሉ። ጠብ እንደማያመጣ ማረጋገጫ የለኝምና አልመለስኩላቸውም። ከወጣቶቹ አንዱ በስልክ ድምፃቸው ይቀዳ አለ፤ እኔ ደግሞ ሰው መቀዳቱን ሲያውቅ እንደ ወረቀቴ መናገር ይጀምራል ብዬ ሰጋሁ፤ ቢሆንም በአንድ ለቅሶ እንሞክረው ተባለ። የመጨረሻው ጥያቄ የገንዘብ ያዣችን ነው። የእድሩ ዕቃ ቤት ከሰፈሩ ጋር ስለፈረሰ ድስቱም፣ ወንበሩም፣ ድንኳኑም በአንድ አባል ግቢ በአደራ ነው ያሉት፤ እዚያ ደግሞ አይጥ አለ። ወረቀቱን የት ልናኖረው ነው? የፎቶ ኮፒውንስ ወጪ ከየትኛው ሒሳብ? ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።